ፖስታ ቤቱ ምን በደለ?



ባለፈው ስብሰባችን የመንገድ ዳር ቤቶችን ስለማሳመር ጉዳይ ሲነሣ አንድ የተከበሩ አባል እጃቸውን አውጥተው የተናገሩት ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። «ጎንደር ፒያሳ ላይ የቆመው ፖስታ ቤት እኮ የፋሽስት ትራፊ ነው። ያንን አፍርሶ መስታወት የለበሰ ፎቅ ማቆም ነው የሚያዋጣው። ያኔ የኛም ከተማ ፈለጉን ትከተላለች» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ነገር ግን ተነሥቼ አልተናገርኩም። መሽቶ ነበር፤ ሰዉም ወደየቤቱ ሊሄድ ፊቱን አዙሮ ነበር። ዝም ማለቴ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ። በአፌ ያላልኩትን በብዕር ልበለው ብዬ ይኸን ጻፍኩ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። የሰማሁት የአንድ አባል ንግግር ነው እንጂ የማንም መሥሪያ ቤት ውሳኔ አይደለም። ሰውየውንም አከብራቸዋለሁ፤ ለከተማችን የሚቆረቆሩ ሰው ናቸው። ጠቤ ከሐሳባቸው ጋር ነው። ሐሳብ ደግሞ ጭብጨባ ካገኘ በኋላ እግር ያበቅላል፤ ዛሬ በስብሰባ የተባለው ነገ በዶማ ይፈጸማል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነው።

«የጎንደር ፖስታ ቤት ለኛ ለደባርቅና ለዳባት ሰዎች ምናችን ነው?» የሚል ይኖራል። ምናችን አይደለም? ደባርቅ የዞን ከተማ ከመሆኗ በፊት ለአቤቱታውም፣ ለቀጠሮውም፣ ለደብዳቤውም ስንወርድ የኖርነው ጎንደር ነው፤ መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በዚያ ፒያሳ ላይ ማመልከቻ ይዞ ያልቆመ ሽማግሌ በሰፈራችን ቢፈለግ ስንት ይገኛል?

የራሴን ላውጋችሁ። አባቴ የአምቢኮ ሰው ነበር፤ ከራስ ደጀን ግርጌ። ታላቅ ወንድሜ ራቅ ካለ አገር ወታደር ሆኖ በነበረበት ዘመን ደብዳቤው የሚመጣው በጎንደር በኩል ነበር። አባቴ ስንቁን ቋጥሮ በእግሩ በጨነቅና በሳንቃበር አድርጎ ደባርቅ ይገባል፤ ከዚያ በጭነት መኪና ላይ ተፈናጦ ጎንደር ይደርሳል። ማንበብ አይችልም ነበርና ደጁ ላይ ለተቀመጠው ደብዳቤ ጻፊ ሳንቲም ሰጥቶ ያስነብባል፤ መልሱንም እዚያው ያስጽፋል። አንዴ «ልጅህ ደኅና ነው» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አስደግሞ እንዳስነበበ እየሣቀ ይነግረን ነበር። ለአባቴ ያ ሕንፃ የፋሽስት አልነበረም። የልጁ ድምፅ የሚሰማበት ደጅ ነበር።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ስለ ሕንፃው እንነጋገር። ዓመቶቹን በኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የፈረንጁን ስጠቅስ እ.ኤ.አ. እላለሁ።

ጎንደርን ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. መናገሻ አድርገው እንደቆረቆሯት ሁላችንም እናውቃለን። ግቢው፣ ግንቡ፣ የግንቡ በሮች ሁሉ በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ነው። ስለነሱ ማንም አይከራከርም። ከግንቡ ወጣ ብለው ያሉት የፒያሳ ሕንፃዎች ግን ወሬያቸው ብዙም አይወራም፤ አመጣጣቸውም ሌላ ነው። የጣሊያን ጦር ጎንደርን የያዘው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው። ወራሪው «አማራ» ብሎ የከለለውን ግዛት ዋና ከተማ ጎንደር አደረገና ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል የፍሎረንስ አርክቴክት የከተማዋን ፕላን እንዲነድፍ ተሰጠው፤ ፕላኑም በ1930 ዓ.ም. ወጣ። ሰውየው ብልህ ነበረ። ከተማዋን በአንድ ትልቅ ጎዳና አሰራትና የንግዱን ቦታ ከአስተዳደሩ ቦታ ለየ። ዓይን እንዲያርፍበትም ፒያሳውን ከፖስታና ቴሌግራፍ ቤቱ ጋር አቆመ። ፖስታ ቤቱ ከሩቅ የሚታይ፣ መንገደኛው «እዚያ ጋ እንገናኝ» የሚልለት ሕንፃ ሆነ። ሲኒማው፣ ሱቆቹ፣ ሆቴሎቹ በዙሪያው ተሰለፉ።

የአሠራሩ ስልት «ራሽናሊዝም» ይባላል። ጌጣጌጥ፣ ሐረግ፣ አንበሳ የለበትም። ውበቱ በልኩ ነው፤ መስኮቱ ከመስኮቱ ይስተካከላል፤ አግድም የሚሄደው መስመር ከቁመቱ ጋር ይመዛዘናል። የደጋ ፀሐይ በላዩ ሲያልፍ የጥላው አወዳደቅ ነው ጌጡ። እንዲህ ያለውን ቤት ቆሞ ላላየው ሰው «ባዶ ግድግዳ» ይመስለዋል። ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ፒያሳ ላይ ቆማችሁ እስቲ እዩት፤ ከዚያ ተመልሳችሁ ንገሩኝ።

አሁን ወደ ክሱ ልግባ። ክሱ ሦስት ነው።

አንደኛው ክስ፤ «የፋሽስት ሥራ ነው» የሚል ነው። ይኸን ክስ አቃልዬ አላልፈውም፤ ምክንያቱም እውነት አለበት። ያ ፕላን የተነደፈው ለኛ ተብሎ አይደለም። የነጩን ሰፈር ከአገሬው ሰፈር ለይቶ፣ ለነጩ ጎዳናና አደባባይ ሰጥቶ፣ አገሬውን ወዲያ ገፍቶ የተነደፈ ፕላን ነው። የዘር መለያየት በእርሳስ ተሠምሮ በድንጋይ እንዲቆም የታሰበበት ነው። ይኸን የማይናገር የሕንፃ አድናቂ ካለ ታሪክ አላነበበም።

ነገር ግን እስቲ ልጠይቅ። ድንጋዩን የጠረበውና የተሸከመው፣ ኖራውን የለወሰው፣ ውሃውን የቀዳው ማነው? ከሮም የመጣ ባሪስታ ነው? አርክቴክቱ ወረቀቱን ቢያመጣም ቤቱ የቆመው በዚህ አገር ሰው ላብ ነው። የላቡን ዋጋ አግኝቶ ከሆነ ራሱ ያውቃል፤ ካላገኘ ደግሞ ሕንፃው የልጅ ልጆቹ ሀብት የሚሆንበት ምክንያት ይበዛል እንጂ አያንስም።

ደግሞስ ሊማሊሞን እንናደው? ከደባርቅ ወጥቶ የወልቀፊትን ገደል እየተጠማዘዘ የሚወርደውን መንገድ የቀደደው ያው ወራሪ ነው፤ ለጦሩ ብሎ። ስንት ዘመን አሻገረን? ስንት እህል፣ ስንት በሽተኛ፣ ስንት ሙሽራ አሻገረ? «የፋሽስት መንገድ ነው፣ አልሄድበትም» ብሎ ገደሉን በገመድ የወረደ ሰው አላየሁም። ለመንገዱ ይቅርታ አድርገን ለቤቱ የምንነፍገው በምን ሒሳብ ነው?

ወልቀፊትን ካነሣሁ አይቀር ሌላም ልጨምር። በዚያ ገደል አፋፍ ላይ መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ከርሞ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ላይ የነበረው የመጨረሻው ጦር ደግሞ በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ከዚያ በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ የቀረ የረባ የጣሊያን ምሽግ አልነበረም። ለዘለዓለም ብሎ የሠራውን ከተማ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ለቆ ወጣ። ሕንፃዎቹ ቀሩና ባለቤቱ ተለወጠ። ለአገሬው ክልክል እንዲሆን የታሰበው ጎዳና ላይ ያገሬው ሰው ባርኔጣውን ደፍቶ ተንሸራሸረ። ለወራሪው ሹም ትእዛዝ ማስተላለፊያ የተሠራው ቤት አባቴ የልጁን ደብዳቤ የሚቀበልበት ሆነ። ከዚህ የበለጠ የድል ሐውልት ምን አለ? ሐውልት ሁሉ ሰይፍ የጨበጠ መሆን አለበት ያለው ማነው?

ይኸን የተረዱት እኛ ብቻ አይደለንም። ጎረቤታችን አስመራን ተመልከቱ። የከተማዋ መሐል በአብዛኛው የተሠራው በጣሊያን ቅኝ ግዛት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባችው ግን እንደ ኤርትራውያን ሀብት ሆና እንጂ እንደ ሙሶሊኒ መታሰቢያ ሆና አይደለም። ያው ቦዚዮ ከጎንደር በኋላ ወደ አልባኒያ ሄዶ ቲራና ላይ ሠርቷል። አልባኒያም በፋሽስት ጣሊያን የተወረረች አገር ነች። ዛሬ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት የሆነው እሱ የነደፈው ሕንፃ ነው። እዚያው ቲራና ላይ በጣሊያን ዘመን የተሠራው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ ሕዝቡ ሁለት ዓመት ሙሉ ተሰልፎ «አይፍረስ» እያለ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ሌሊት ላይ ፈረሰ። ያን የሚያስታውሱ ሰዎች እስከ ዛሬ ይቆጫሉ። ቁጭት ደግሞ ቴአትር አይሠራም።

ሁለተኛው ክስ፤ «አሮጌ ነው፣ አስቀያሚ ነው፣ ዘመኑ አልፎበታል» የሚል ነው። ለዚህ ክስ መልሱን ከእንግሊዝ አገር አመጣለሁ። ከንግሥት ቪክቶሪያ ጋር የቆየ ትውውቅ አለንና ነገሩ ባዕድ አይሆንባችሁም። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚሁ በኛው አገር በደረስጌ ማርያም በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። በ1855 ዓ.ም. ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ ያለ መልስ ከመዝገብ ቤት ተቀመጠ። አንድ የቢሮ ፋይል ውስጥ የተረሳው ወረቀት ያመጣውን መዘዝ መቅደላ ታውቀዋለች። ቢሮ ማለት የሰው ዕጣ የሚያድርበት ቤት ነው ብል አልተሳሳትኩም።

በዚያች ንግሥት ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901 ድረስ፣ የእንግሊዝ ከተሞች መሐላቸው በባንክ፣ በኢንሹራንስ፣ በንግድ ቤትና በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ተሞላ። ቀይ ሸክላ፣ የተጠረበ ድንጋይ፣ የብረት አምድ፣ ከፍ ያለ መስኮት። መቶ ዓመት ሳይሞላ የልጅ ልጆቻቸው «የአያቶቻችን ጭቅቅት» ብለው ናቋቸው። ጥቁር ጥቀርሻ የለበሰውን ግድግዳ እያዩ አስቀያሚ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1849 የተከፈተው የለንደን የከሰል ገበያ ሕንፃ ከብረትና ከመስታወት የተሠራ ድንቅ ጉልላት ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 መንገድ ለማስፋት ተብሎ ፈረሰ። በዚያው ሰሞን የዩስተን ባቡር ጣቢያ ትልቁ የድንጋይ በርም ፈረሰ። ሁለቱም ተከራካሪ አላጡም፤ በጋዜጣም በስብሰባም ተጮኸላቸው፤ አልተሰማም።

ከዚያ በኋላ ነው ሕዝቡ የነቃው። እ.ኤ.አ. በ1958 የቪክቶሪያ ዘመን ሕንፃዎችን የሚያስጠብቅ ማኅበር ተቋቁሞ ነበርና ያ ማኅበር እየበረታ ሄደ። ማኅበር እንደኛው ማለት ነው፤ መድፍ የለው፣ በጀት የለው፣ ያለው ብዕርና ስብሰባ ነው። ሴንት ፓንክራስ የሚባለውን የባቡር ጣቢያና ሆቴል ለማፍረስ ሲታሰብ ተሟገቱለትና እ.ኤ.አ. በ1967 በከፍተኛው የጥበቃ ደረጃ ተመዘገበ። ዛሬ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ባቡር የሚገባው በዚያ ነው። በየከተማው መሐል «ይፍረሱ» የተባሉት የቪክቶሪያ ዘመን ቢሮዎችም ዛሬ ተመዝግበው ውድ ኪራይ ያወጣሉ። አስቀያሚ የተባሉት አልተለወጡም፤ የተለወጠው የሰዎቹ ዓይን ነው። ጥቀርሻው ሲታጠብ ድንጋዩ ከነማማሩ ታየ።

ትምህርቱ ይኸ ነው። ሕንፃ የሚናቅበት ዕድሜ አለው፤ የአያት ዕድሜ ነው። እንደ አዲስ እንዳይከበር አርጅቷል፣ እንደ ጥንት እንዳይፈራ ገና ነው። የፋሲል ግንብ ያን ዕድሜ ከተሻገረ ቆየ። ፖስታ ቤቱ አሁን መሐሉ ላይ ነው ያለው። በዚህ ዕድሜው ካልጠበቅነው ወደ ክብሩ ሳይደርስ ይቀራል።

ጎንደሬ ደግሞ ማጣት ምን እንደሆነ ማንም ሊያስተምረው አይችልም። ከተማዋን በ1859 ዓ.ም. የገዛ ንጉሧ አቃጠሏት፤ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ መጥቶ ያንኑ ደገመ። አርባ አራት ታቦት እያልን በኩራት እንቆጥራለን፤ ከደርቡሽ እሳት የተረፈችውን ደብረ ብርሃን ሥላሴን ግን ለብቻዋ ነው የምናሳየው። የታላቁ ኢያሱ ግንብም እ.ኤ.አ. በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎዳ፤ በኋላ በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ ቦምብ ጣራውን አጣ። ይኸ ሁሉ በእሳት፣ በጠላትና በተፈጥሮ የሆነ ነው። ያለ ጠላት፣ ያለ እሳት፣ በሰላም ቀን በጭብጨባ የምናፈርሰው ቢኖር ግን ለልጆቻችን ምን ብለን እንነግራቸዋለን?

ሦስተኛው ክስ፤ «ጥገናው ገንዘብ ይበላል» የሚል ነው። እዚህ ላይ ግለ ሂስ ላድርግ። የአባቴን የደባርቅ ቤት ባደስኩ ጊዜ እንደ ዘመነኛ ልታይ ብዬ የድንጋዩን ግድግዳ በስሚንቶ አስለሰንኩት፤ የጣውላውንም መስኮት አውጥቼ በብረት ተካሁት። የመጀመሪያው ዓመት አማረ። በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው ማላብ ጀመረ፤ በሦስተኛው ልስኑ እንደ እንጀራ ከምጣድ ተላቆ ወደቀ። ግንበኛው ሽማግሌ መጥቶ አየና «ልጄ፣ ድንጋዩን አፈንከው እኮ» አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ኖራ እርጥበትን ሲስብም ሲያስወጣም እንደሚተነፍስ ነገር ነው፤ ስሚንቶ ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ ውሃውን ውስጥ ዘግቶ ያስቀረዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩንና ልስኑን ይበላል።

እኔ በአንድ ጎጆ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ጣሊያኖቹ በፋሲል ግንብ ላይ ሠርተውታል። በወረራው ዘመን ግንቡን ሲጠግኑ ስሚንቶና የብረት ኮንክሪት ተጠቀሙ። ከዚያ ወዲህ የመጡት የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች ወደ ኖራው መመለስ ግድ ሆነባቸው። የሚገርመው አያቶቻችን ግንቡን ሲሠሩ በኖራ ነበር፤ ያወቁትን ንቀን ዙረን ዙረን እነሱ ጋ ደረስን።

ስለዚህ ለአሮጌ ሕንፃ ትልቁ ወጪ ጥገና አይደለም፤ ያለ ዕውቀት የሚደረግ ጥገና ነው። የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ጥቂት ነገር ነው። ጣራው ሳያፈስ መያዝ፣ አሸንዳው ከክረምት በፊት መጠረግ፣ ውሃው ከመሠረቱ እንዲርቅ ቦይ መቅደድ፣ የተሰነጠቀውን ሳይሰፋ መድፈን። ግድግዳው ምን እንደሆነ ሳያውቁ ስሚንቶ አለመለጠፍ። ሁሉም የጣሊያን ዘመን ሕንፃ በአንድ ዓይነት አልተሠራምና መጀመሪያ መርማሪ ባለሙያ መጥራት ነው። የጣውላ መስኮት ቢበሰብስ የበሰበሰውን ቆርጦ በጣውላ መቀጠል፤ አናጢ ሞልቷል። ሙሉ ሕንፃ አፍርሶ፣ ፍርስራሹን በመኪና አግዞ፣ መስታወትና አልሙኒየም ከውጭ በምንዛሪ ከማስመጣት ይኸ እንደሚረክስ ለማወቅ ሒሳብ ሹም መሆን አያስፈልግም። መስታወት የለበሰ ፎቅ ደግሞ በኛ ፀሐይ ቀን ምድጃ ነው፣ በኛ ብርድ ሌሊት በረዶ ነው። ወፍራም ግድግዳ ያለው አሮጌ ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

«መንገድ ሲሰፋስ? ልማት ሲመጣስ?» የሚል አለ። ልማትን የሚጠላ የለም፤ እኔም የጭቃ መንገድ አልናፍቅም። ግን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ የሆነውን ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ሰፈሩ በቀናት ውስጥ ፈረሰ። ከፈረሰው ውስጥ መፍረስ የነበረበት ይኖር ይሆናል፤ መፍረስ ያልነበረበትም ይኖራል። ሁለቱን ለመለየት ጊዜ ያስፈልግ ነበር፤ ያጠረው ጊዜ ነው። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው ጣይቱ ሆቴል በዚያው አካባቢ ቆሞ ሲታይ ሰው ሁሉ «እንኳን ተረፈ» ይላል፤ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት በልቶት ሳለም ተጠግኖ ነው የቆመው። ከተቃጠለ ሕንፃ የተረፈውን መጠገን ከተቻለ ያልተቃጠለውን መጠገን እንዴት ያቅታል? አሁን የኮሪደር ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም ወጥቷል። ስለዚህ የመለየቱን ሥራ ዶዘሩ ሳይመጣ እንሥራው ነው የምለው።

ሕጉም ከኛ ጋር ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሚለው የነገሥታትን ግንብና ቤተ ክርስቲያንን ብቻ አይደለም፤ በታሪክ፣ በኪነ ጥበብ ወይም በሳይንስ ጠቀሜታው የሚጠበቅ የሰው ሥራ ሁሉ ነው። ቅርስ በእጁ ያለ ሰው ወይም መሥሪያ ቤት እንዲጠብቀው ይገደዳል፤ የጥገና ሥራም ቢሆን ከቅርስ ባለሥልጣኑ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቅበታል። ማለትም ግድግዳውን ለመለሰን እንኳ የሚጠይቁት አካል አለ። «አላወቅንም ነበር» ማለት ዛሬ አይሠራም፤ ቢያንስ ይኸን ሰሌዳ ያነበበ ሰው አላወቅሁም አይልም። ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ጣራ አይደፍንም። የተመዘገበ ሕንፃ ጠባቂ ካጣ ስሙ ወረቀት ላይ ሲያበራ ገላው ዝናብ ይመታዋል። ሕንፃን የሚያቆየው በውስጡ ሥራ መኖሩ ነው፤ የሚገባበት፣ የሚከፍተው፣ የሚዘጋው፣ የሚጠርገው ሰው። ስለዚህ አሮጌ ቢሮ ቢሮ ሆኖ ይኑር እላለሁ። ሙዚየም ለማድረግ የማይመችም ቢሆን ጠረጴዛ ይግባበት፣ ባለ ጉዳይ ይሰለፍበት።

አሁን ወደ ራሳችን። ስለ ጎንደር ፖስታ ቤት ወሳኞቹ እኛ አይደለንም፤ በደባርቅና በዳባት መንገድ ዳር ስላሉት አሮጌ ቤቶች ግን ድምፅ አለን። ባለፈው ስብሰባ የተጀመረው «የማሳመር» ጉዳይ ወደ ውሳኔ ከመድረሱ በፊት የሚከተሉትን ለማኅበሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በሰፈራችን ያሉ አሮጌ ቤቶችና ጽሕፈት ቤቶች በደብተር ይመዝገቡ። ማን ሠራው፣ መቼ፣ ከምን፣ ማን ኖረበት፣ ምን ሥራ ተሠራበት። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸውና ሳያልፉ ይጠየቁ። ልጆቻችን ስልካቸው ፎቶ ያነሣል፤ ለዘፈን ብቻ አይሁን።

ሁለተኛ፤ ማናቸውም ከድንጋይና ከኖራ የተሠራ የመንገድ ዳር ቤት ፊቱ በስሚንቶ ከመለሰኑ ወይም በሴራሚክ ከመሸፈኑ በፊት ለከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ይጠየቅ። ቸኩለን የኔን ስሕተት አንድገም።

ሦስተኛ፤ ግንበኝነትና የኖራ ሥራ የሚያውቁ አዛውንት ካሉ ሁለት ሦስት ወጣት ተጠግቷቸው እንዲማር ማኅበሩ ያግዝ። ሙያው ከነሱ ጋር መቃብር ከገባ የሚጠግን ሰው ከየት እናመጣለን?

አራተኛ፤ «የፋሽስት ሥራ» የሚለው ቃል ከእንግዲህ ማፍረሻ ምክንያት እንዳይሆን። የተበደለው ሕዝብ ለበደሉ ካሳ የቀረለት ቤቱ ነው። በየሕንፃው ላይ ማን እንዳሠራው፣ በማን ላብ እንደተሠራና በኋላ ማን እንደተጠቀመበት የሚናገር ሰሌዳ ይሰቀልበት። የማይነገር ታሪክ እንጂ የቆመ ግድግዳ ማንንም አያሳፍርም።

ለተከበሩት ተናጋሪም አንድ ልመና አለኝ። ጋሼ፣ በሚቀጥለው ጎንደር ሲወርዱ መኪናው ፒያሳ ካወረደዎት በኋላ ጥቂት ይቁሙ። ፖስታ ቤቱን ሳይሆን መጀመሪያ ደጁን ይመልከቱ። እርስዎም ወረቀት ይዘው የቆሙበት ቀን ትዝ ካለዎት፣ አጠገብዎ ከአምቢኮ በእግሩ መጥቶ የልጁን ደብዳቤ የሚያስነብብ አንድ ገበሬ ቆሞ ነበር ብለው ያስቡ። ከዚያ በኋላም «ይፍረስ» የሚሉ ከሆነ በሚመጣው ስብሰባ ፊት ለፊት እንከራከራለን፤ በዚህ ጊዜ ግን ቢመሽም ዝም አልልም።

አንድ የማኅበሩ አባል